ሃይብሪድ ወይስ ሙሉ ኤሌክትሪክ? መኪናው ከመገዛቱ በፊት የሚነሳ የቆጣሪ ጉዳይ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



የውሃ ታንከሩንና የጥበቃ ሠራተኞችን ደመወዝ በሚመለከት ተነጋግረን ጨርሰናል። የቀረን በአጀንዳው ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈው ነው። ልዩ ልዩ ብንለውም ከሁሉም የከበደው እሱ ሆኗል። ይኸውም የመኪና ቻርጅ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በሰሚትና በአካባቢዋ፣ ከፊጋ ጀምሮ እስከ ሲኤምሲ ድረስ፣ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በርክተዋል። በእኛም ግቢ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ከኋላቸው መጥቶ ሲቆም አይሰሙትም። (በዚህ አጋጣሚ ግቢ ውስጥ ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ ሁኔታ እንድትነዱ በድጋሚ እናሳስባለን።) እቁብ የገቡና የባንክ ብድር የጠየቁ አባላት ወደ ጽሕፈት ቤታችን እየመጡ «ለመሆኑ የቱን እንግዛ? በቻርጅም በቤንዚንም የሚሄደውን ነው ወይስ ጭራሽ ቤንዚን የማያውቀውን?» ይሉናል። እኛ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ አይደለም። ነገር ግን የግቢው የመብራት ደረሰኝ የሚመጣው በእኛ እጅ ነው፤ አቤቱታውም እንደዚሁ። ስለዚህ ባለመኪናዎችን ጠይቀን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን አነጋግረን፣ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል።

መጀመሪያ ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ባለፈው ክረምት አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት በኤክስቴንሽን ገመድ ወደ መኪናው ያወርድ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከደረጃው መብራት መስመር፣ ማለትም ከጋራ ቆጣሪው፣ ይስብ ነበር። አንድ ሌሊት ከደረጃው ሥር ያለው ሶኬት ቀልጦ መጨስ ጀመረ። የሌሊት ጥበቃችን ሽታው ገብቶት ብሬከሩን ባያወርደው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ደግነቱ የተጎዳ ሰው የለም። በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ «በግቢው ውስጥ መኪና ቻርጅ ማድረግ ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። የጻፍነውም እኛው ነን።

ማስታወቂያው ለዚያች ሌሊት ትክክል ነበር፤ እንደዚያው ወራት መቆየቱ ግን ስሕተት ነው። በብድር ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ታክሲ የሚሠራ አንድ አባላችን፣ ሲሠራ ውሎ ማታ ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ተሰልፎ እኩለ ሌሊት ድረስ ይቀመጣል። «ልጆቼ ሲተኙ እገባለሁ፣ ሳይነሱ እወጣለሁ» ብሎናል። ሌላዋ አባላችን በቻርጅም በቤንዚንም የሚሄደው ነው ያላት። እሷ ደግሞ ጭራሽ ቻርጅ ማድረጉን ተወችው፤ ቤንዚን እየቀዳች ትሄዳለች። በሌላ በኩል ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ባለፈው ስብሰባ ተነስተው የጠየቁትን ታስታውሳላችሁ። የጋራ ቆጣሪው ሂሳብ ለሁሉም እኩል እንደሚካፈል ታውቃላችሁ። «እኔ መኪና የለኝም። የማንን መኪና ነው የማበላው?» ነበር ያሉት። መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። እኛም አልሰጠንም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ።

«ሃይብሪድ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንደኛው ዓይነት፣ እንደ ድሮው ቶዮታ ፕሪየስ ያለው፣ ከግድግዳ የማይሰካ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ራሱ ሞተሩና ፍሬኑ ነው። ያ ቤንዚን ቆጣቢ እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና አይደለም። ሁለተኛው ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ የሚባለው ነው። መሰኪያ አለው፣ ቤንዚን ታንከርም አለው፤ በአንድ ሙሉ ቻርጅ እንደ ባትሪው መጠን 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያለቤንዚን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ይነሳል። ሦስተኛው ሙሉ ኤሌክትሪክ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ሁለት የሆነም አለ። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ የሚባለው በሙሉ ኤሌክትሪክም በፕለግ-ኢንም ተሠርቷል። «ሶንግ ፕላስ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ከኋላው «ዲኤም-አይ» የሚል ካለበት ቤንዚን የሚጠጣው ነው።

ሕጉም መታየት አለበት። በጥር 2016 ከኤሌክትሪክ በስተቀር በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ለምክር ቤት ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም ገንዘብ ሚኒስቴር ለሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የኤክሳይዝና የሱር ታክስ ነፃነት ሰጥቶ፣ ተገጣጥሞ ያለቀለት ሲገባ 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ እንዲከፍል አድርጎ ነበር። ታክስ የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ በምትገዙበት ሰሞን እንደገና ጠይቁ። ዋናው ቁም ነገር ግን ፕለግ-ኢኑ የቤንዚን ሞተር ያለው ስለሆነ እንደ ሙሉ ኤሌክትሪክ ሊቆጠር አይችልም። ገበያ ላይ ካገኛችሁት በየትኛው ዓመትና በምን ፈቃድ እንደገባ ሊብሬውንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አይታችሁ እንጂ በደላላ ቃል አትግዙ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ከሰሚት ተነስቶ ቦሌ ወይም መገናኛ ሠርቶ የሚመለስ ሰው፣ ልጅ ማድረሱና ገበያው ተጨምሮ፣ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። በወር 900 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ የቤንዚን መኪና 72 ሊትር ይጠጣል። የቤንዚን ዋጋ በሐምሌ 2014 በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በጥር መጀመሪያ 2017 ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በዚያ በጥሩ ዋጋ እንኳ 72 ሊትር ከ7,300 ብር በላይ ነው። ሙሉ ኤሌክትሪኩ ለዚሁ መንገድ በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት አስበልጠን 10 ብር እናድርገው። 1,500 ብር ይመጣል። ልዩነቱን ልብ በሉ። አንድ የምትጠነቀቁለት ነገር ቢኖር፣ የቤት ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። መኪናው ሲጨመር የምጣዱና የምድጃውም ሂሳብ አብሮ ሊነሳ ይችላል።

ፕለግ-ኢኑስ? በየማታው ከተሰካ ለዚህ 30 ኪሎ ሜትር ቤንዚን አይነካም። የከተማው ሂሳብ ከሙሉ ኤሌክትሪኩ ብዙም አይርቅም። «በየማታው ከተሰካ» ነው ያልነው። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ቃል ላይ ነው። ካልተሰካ ግን ባትሪ የተሸከመ ከባድ የቤንዚን መኪና ነው። ይህ የእኛ ግቢ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በመንገድ ላይ ያሉ ፕለግ-ኢን መኪኖች ከራሳቸው ከመኪኖቹ በተሰበሰበ መረጃ ሲታዩ፣ ከሚለቁት ጭስ አንፃር በፋብሪካ ፍተሻ ከተጻፈላቸው 3 እጥፍ ተኩል ያህል ሆነው ተገኝተዋል። የተራዎቹ የቤንዚንና የናፍታ መኪኖች ልዩነት ግን 20 በመቶ ገደማ ነበር። ከምክንያቶቹ ዋናው ሰዉ አለመሰካቱ ነው። እንግዲህ መሰኪያ በየበሩ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ሦስተኛ ፎቅ ምን ሊሆን ነው? እኅታችንን የወቀሳት ሰው ነበር፤ እኛ ግን አንወቅሳትም። የከለከልናት እኛ ነን።

ሌላም አለ። ፕለግ-ኢን የገዛ ሰው ሁለት መኪና በአንድ ታርጋ ገዝቷል። ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ በዚያ ላይ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ አለ። ሁለቱንም የሚያውቅ ጋራዥ ይፈልጋል። ሙሉ ኤሌክትሪኩ የሞተር ዘይት አያውቅም። የሰሚት ከፍታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ አያጣም። እንጦጦን በሁለቱም የወጣ ያውቀዋል።

ታዲያ ፕለግ-ኢኑ ለማንም አይሆንም ማለታችን ነው? አይደለም። ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ሰው አለ። ባሕር ዳር ቤተሰብ ያለው፣ በወር በወር የሚሄድ ሰው ዘንድ ነገሩ ይለያል። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ዳገት ለመውጣት ብቻ፣ ከተራው ጉዞ በላይ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ትንሽ ባትሪ ያለው ፕለግ-ኢን፣ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው፣ ባትሪውን በዚያ ዳገት ብቻ ይጨርሳል፤ ቤንዚኑ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ቤንዚኑ የተቀመጠው። 60 ወይም 80 የሚይዘው ሙሉ ኤሌክትሪክ ዳገቱ አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው ከዚያ ወዲያ የት ይሰካል የሚለው ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ሁለቱም ፍሬን እየያዙ ባትሪያቸውን መልሰው በጥቂቱ ይሞላሉ። ወደ አዳማ ግን ጉዳዩ ቀላል ነው። ሙሉ ኤሌክትሪክ ያለው ሰው ደርሶ ይመለሳል። ሲሄድ 700 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ስክሪኑ ያስደስታል፤ ሲመለስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያንኑ ይከፍላል። የሄደበትን ቁጥር አይቶ መመለሻውን እንዳይገምት።

«መብራት ሲጠፋስ?» የሚሉን ብዙ ናቸው። ይህን እኛም እንፈራ ነበር። ነገር ግን አስቡት። በአንድ ሙሉ ቻርጅ 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በቀን 30 ለሚነዳ ሰው ከሳምንት በላይ ነው። መብራት ለሁለት ቀን ቢሄድ ምን ይጎዳዋል? ማደያውም ቢሆን ጄኔሬተር ከሌለው መብራት ሲጠፋ ቤንዚን አይቀዳም። በሰልፉ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ።

እስከዚህ ያለው ስለ መኪናው ነው። አሁን ስለ ሽቦው እንናገር፤ የዛሬው ስብሰባ ጉዳይ ይኸው ነውና።

እናቶች በቀላሉ ይገባችኋል። አንድ መኪና በቤት መስመር ሲቻርጅ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደተጣደ ማለት ነው፤ ሁለቱም 3 ኪሎዋት አካባቢ ይስባሉ። ምጣድ በመብራት ሶኬት ላይ የሚሰካ ማን አለ? ለብቻው ወፍራም ሽቦና ለብቻው ብሬከር እናስገባለታለን። ምጣዱ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓት ነው። መኪናው ግን በየሌሊቱ ነው፤ ባትሪው ባዶ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድራል። ለደረጃ አምፖል የተዘረጋ ሽቦ ይህን ሊችል አይችልም። ያ ሶኬት የቀለጠው መኪናው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ምጣድ በአምፖል መስመር ስለጣድን ነው። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ደስ ይላል። ግን ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ ሰሚት ቢደርስም ከትራንስፎርመሩ እስከ መኪናችን ያለችው የመጨረሻዋ ገመድ የእኛ ጉዳይ ናት።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው፣ በየማታው ባትሪውን ከባዶ መሙላት አያስፈልግም። 30 ኪሎ ሜትር የነዳ መኪና 5 ኪሎዋት ሰዓት ቢጨመርለት ይበቃዋል። ያ በተራ መስመር ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ፈጣን ቻርጀር መግዛት አያስፈልግም። ረጅም መንገድ ሲኖር ወይም ለታክሲ ሥራ ፈጣኑ ጣቢያ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 በአዲስ አበባ ከፍቷል። እዚህ ላይ ሶኬቱን እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ጂቢቲ የሚባል መሰኪያ አለው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ነው። አይገጣጠሙም። ስክሪኑም በቻይንኛ ብቻ ሆኖ የመጣላቸው ሰዎች ልጆቻቸው በስልክ እያስተረጎሙላቸው ነው የሚነዱት። ያ ያስቃል እንጂ አይገድልም። ዋስትናው ግን አያስቅም። ከአምራቹ ወኪል ውጪ የገባ መኪና የባትሪ ዋስትናው እዚህ ላይሠራ ስለሚችል በጽሑፍ ጠይቁ።

እንግዲህ የኮሚቴው አሳብ ይህ ነው። ከሰሚት ከተማ ውስጥ ለሚመላለስና ከራሱ ቆጣሪ መስመር ማውረድ ለሚችል ሰው፣ ሙሉ ኤሌክትሪኩን እንመክራለን። ክፍለ ሀገር ለሚያዘወትርና ማታ ማታ ለሚሰካ፣ ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ፕለግ-ኢን ካገኘ፣ አይቃወመንም። መስመር ለሌለው ግን ሁለቱንም አንመክርም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። ቀድሞ መስመሩን ያስገባ፣ ከዚያ መኪናውን ይግዛ። እኛን ቀድሞ የጠየቀን አባል ካለ የምንመልስለት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የቀድሞውን ማስታወቂያ አንስቶ በሚከተለው እንዲተካ ይጠይቃል። ከጋራ ቆጣሪ መሳብ እንደተከለከለ ይቆያል፤ እማማ ከዛሬ ጀምሮ የማንንም መኪና አያበሉም። ከመስኮት ኤክስቴንሽን ማውረድም እንደዚሁ ክልክል ነው፤ በተለይ በክረምት ውሃ ላይ የተኛ ገመድ ሰው ይገድላል። ባለመኪና ሁሉ ከገዛ ቆጣሪው፣ በገዛ ወጪው፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ በፓይፕ ውስጥ ያስወርዳል። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ሽቦው ከተለመደው ባለ 2.5 ወፈር ያለ፣ ባለ 4 እንዲሆን ባለሙያዎቹ መክረውናል። የራሱ ብሬከር፣ ሰው ሲነካው ቶሎ የሚቆርጥ፣ እንዲሁም ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ የግድ ነው። ኧርዝ የሌለው መስመር ላይ ብዙ መኪና እምቢ ብሎ አይቻርጅም፤ እሱን «ለማታለል» ባለሙያ ጠርቶ ሽቦ የሚያገናኝ ሰው አለ ሲባል ሰምተናል፤ በእኛ ግቢ እንዳይደረግ። በግንቡ በኩል ያሉት አራት ማቆሚያዎች ፓይፑ በቀላሉ ስለሚደርስባቸው ቻርጅ ለሚያደርጉ ይለቀቁ፤ ሌሎቻችን ወደ በሩ በኩል እናቁም። መሰካቱም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ምጣዱና ምድጃው ከወረደ በኋላ ማለት ነው።

መስመር ማውረድ ለማይመቻቸው ከፎቅ በላይ ላሉት አባላት፣ ለብቻው አንድ ቆጣሪ እንዲገባልን በማኅበሩ ስም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከቻ አዘጋጅተናል። ቆጣሪው ሲገባ እያንዳንዱ የተጠቀመበት በመዝገብ ተጽፎ የሚከፍለው እሱ ብቻ ይሆናል። ታክሲ የሚሠራው ወንድማችን መዝገቡን በነፃ ለመያዝ ቃል ገብቷል፤ ማታ ማታ ቤቱ ከገባ ማለቱ ነው።

አሳቡን የምትቃወሙ አሁን እጅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ድምፅ የሚሰጠው የዛሬ ሳምንት እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እዚሁ ነው። መስመር ለማውረድ የምትፈልጉ ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን በጥበቃ ቤት ባለው ደብተር ላይ እስከ ዓርብ ድረስ አስመዝግቡ። እማማም ደብተሩ ላይ ባይመዘገቡም በስብሰባው እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የቀደመው ጥያቄያቸው መልስ የሚያገኘው በዚያ ቀን ነው።